የአባቴ ማርሚታ

አባቴ የመኪናውን ማርሚታ ላለማስጠገን ሁለት ምክንያት ነበረው፤ አንዱ ለውጭ ሰው፣ አንዱ ለቤተሰብ። ለውጭ ሰው የሚናገረው፣ ብሎኖቹ ዝገው ከብረቱ ጋር አንድ አካል ስለሆኑ የሚፈታቸው ኃይል እንደሌለ ነበር። ለቤተሰብ የሚናገረው ደግሞ የጎረቤቶቻችንን የጴንጤዎቹን መዝሙር መስማት ስለማይፈልግ ጩኸቱ እንዲሸፍንለት መሆኑን ነው። ሦስተኛውን ምክንያት ለማንም ተናግሮ አያውቅም። እኛም ጠይቀነው አናውቅም።

ማርሚታ የምለው የመኪናውን ጭስ ማውጫ ነው። መኪናችን ጣሊያን ሠራሽ፣ ትንሽና አሮጌ ነበረች። ጭስ ማውጫዋን ዝገት በልቶት ጡጫ የሚያስገባ ቀዳዳ አውጥቷል። ሞተሯ ሲነሳ ድምፅዋ እንደ ወፍጮ ቤት ነው፤ የጎፋ ውሾች ሲጮኹ የላፍቶ ማሳ ውሾች ይመልሱላቸዋል።

ቤታችን ከጎፋ ወደ ነፋስ ስልክ በሚወስደው መንገድ ወረድ ብሎ ነበር። ከጎረቤታችን የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ጎረቤታችን ከወላይታ የመጣች ልብስ ሰፊ ናት፤ እኔ እትዬ እላታለሁ። ጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ፣ እሑድ ከምሳ በኋላ ወጣቶች ጨርቅ በብብታቸው ይዘው፣ ልብስ ሊለኩ የመጡ መስለው እሷ ቤት ይገባሉ። በሰፈራችን እንደ እነሱ በየሳምንቱ ልብስ የሚያሰፋ ሰው አልነበረም፤ እንደ እነሱም ሁልጊዜ አንድ ልብስ የሚለብስ አልነበረም።

ገብተው ይዘምራሉ። ከቤታችን ማዶ፣ ማዕዘኑ ላይ፣ አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። መዝሙሩን ቢሰማ የሚሆነውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እትዬና ልጆቹ መጀመሪያ ቀበሌ ይታሰራሉ፤ ከዚያ ከቀበሌ በላይ ወዳለው ወደ ከፍተኛው ይተላለፋሉ። ወደ ከፍተኛው የተላለፈ ሰው መቼ እንደሚመለስ የጠየቀ ዘመድ ደግሞ፣ እሱ ራሱ ለምን እንደጠየቀ ይጠየቃል።

አባቴ ረቡዕና ዓርብን የሚጾም፣ ቅዳሴ የማያስታጉል፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። የመጀመሪያው መዝሙር በግድግዳው በኩል ሲመጣ «ጀመሩ ደግሞ!» ብሎ አሮጌ ኮቱን ይደርባል፤ ወጥቶ የሞተሩን ክዳን ይከፍታል፤ መኪናዋን ያስነሳል። የአብዮት ጥበቃው ጆሮውን ይዞ ወደ ታችኛው ዛፍ ጥላ ይሸሻል። አባቴ እስከ አሜን ድረስ ቤንዚኑን ይረግጣል። አሜን መድረሱን ለማወቅም በየመሃሉ ቤት ገብቶ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ይለጥፋል። የሚጠላውን ነገር እንዲህ በጥንቃቄ የሚያዳምጥ ሰው ከዚያ በኋላ አላጋጠመኝም።

ቤንዚን ያን ጊዜ በኩፖን ነበር። አባቴ ኩፖኑን ለእሑድ ስለሚቆጥብ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሥራ የሚሄደው በእግሩ ነው። እናቴ ይህን ማለፍ አትችልም ነበር።

«ሰው ቤንዚን የሚያቃጥለው ለመሄድ ነው» ትለዋለች። «አንተ በእግርህ ትሄዳለህ፤ በመኪና ትቆማለህ።»

«ሞተር ካልሞቀ ይበላሻል።»

«ሲሞቅ የት ይደርሳል?»

«ዝም በይ፤ ጆሮዬን ላሳርፍበት።»

ሰኞ ሰኞ ከጎረቤት አንድ ሳህን ቦዬ፣ የወላይታ ሥራሥር፣ ተቀቅሎ ይመጣል። አባቴ «ለጆሮዬ ካሳ ነው» ብሎ ይበላዋል። እትዬ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «እግዚአብሔር ይባርክዎት ጋሼ» ስትለው ይቆጣል።

«ምን ይባርከኛል! የምደክመው እናንተን ለመቃወም ነው!»

«አውቃለሁ ጋሼ። ስለሱ ነው የምባርክዎ።»

ነገሩ እንዲህ በሰላም ሲሄድ፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የምሕንድስና የአንደኛ ዓመት ተማሪ በሆንኩበት ዓመት ቀበሌያችን አዲስ አዳራሽ አገኘ። አዳራሹ ከጓሯችን በስተጀርባ ያለ የተወረሰ ቪላ ሲሆን የሚለየን የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነበር። የውይይት ክበቡም እሑድ ከምሳ በኋላ እንዲሆን ተወሰነ። በመጀመሪያው ስብሰባ የቀበሌው ሊቀመንበር ስለ ኢምፔሪያሊዝም የውዥንብር ፕሮፓጋንዳ ማብራሪያ ሲሰጥ የአባቴ መኪና ተነሳች።

ሊቀመንበሩ ድምፁን ከፍ አደረገ። አባቴም ቤንዚኑን ረገጠ። ሊቀመንበሩ አንገቱ ላይ ያለው ሥር እስኪገተር ጮኸ። አዳራሹ ውስጥ ለተቀመጥነው የሚደርሰን «ኢምፔ» የሚለው ብቻ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ የት እንዳለቀ ስላላወቅን መሃል ላይ አጨበጨብን፤ ያጨበጨብነው ስለ ጠላት ጥንካሬ ሲናገር እንደነበር በኋላ ከፊቱ ተረዳን። አባቴ በአብዮት ጥበቃው ተይዞ መጣ። እጁ በግራሶ እንደተለወሰ አዳራሹ መሃል ቆመ።

«ይህ ጩኸት ምንድን ነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ማርሚታ ነው ጓድ ሊቀመንበር። ተበስቷል።»

«ለምን አይቀየርም?»

«ብሎኖቹ ዝገዋል። አይፈቱም።»

«አብዮቱ ያልፈታው ብሎን አለ?» አለና ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። «ጓዲት ተማሪ፣ ተነሺ እስቲ። በሳይንስ ንገሪን፤ የዛገ ብሎን ይፈታል አይፈታም?»

ተነሳሁ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሲጠይቁኝ በተሟላ ዓረፍተ ነገር መመለስ ልማዴ ነው። ወደ አባቴ ተመለከትኩ፤ እሱ ጣሪያውን ያያል።

«ይፈታል ጓድ ሊቀመንበር። ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ በዚህ መሃል ዝገቱ ይሰነጠቃል። ከዚያ ቅባት ይገባበትና...»

የቀረው በጭብጨባ ተዋጠ። የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ጓዶች፣ ትናንት ከማጀት ያልወጣች ሴት ዛሬ መኪና ሥር ትተኛለች! ይህ ድል ካልሆነ ድል ምንድን ነው?» አለች። መኪና ሥር መተኛት ድል መሆኑን እስከዚያ አላሰብኩም ነበር።

በአንድ ድምፅ ተወሰነ። የማርሚታ ጥገና ዘመቻ ቅዳሜ ይካሄዳል፤ ብሎኖቹን የምፈታው እኔ ነኝ፤ በሚቀጥለው እሑድ መኪናዋ አዳራሹ በር ላይ ቀርባ ጠቅላላ ጉባኤው ዝምታዋን ያረጋግጣል። ካልሆነ ቀበሌው ይይዛታል።

አባቴ ቀድሞኝ በራችን ደረሰ። መቀርቀሪያውን ይዞ ቆመ።

«ብረት ሲሞቅ ይሰፋል አልሽ?»

«አዎ አባዬ።»

«የሰው አፍም እንደዚያው ነው» ብሎ ገባ።

ነገሩን አውጥቼ አውርጄ አሰብኩት። ብሎኖቹን ብፈታ መኪናዋ ዝም ትላለች። ባልፈታ ቀበሌው ይወስዳታል፤ ያኔም ዝም ትላለች። በሁለቱም መንገድ ውጤቱ ዝምታ ከሆነ፣ ቢያንስ መኪናዋ እንድትተርፍልን ብሎኖቹን መፍታት ይሻላል። ይህን ለአባቴ በቅደም ተከተል አስረዳሁት።

«እስከ እሑድ ምን እንደሚሆን ማን ነገረሽ?» አለኝ። «ሊቀመንበሩ ይዛወር ይሆናል። ይታመም ይሆናል። አዳራሹን ሌላ ቀበሌ ይወስደው ይሆናል። ሰው ቀኑን ሳይጨርስ ነገር አይጨርስም።»

በማግሥቱ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። የስፌት መኪናዋን ፔዳል ትረግጣለች።

«እትዬ፣ ለዚህች እሑድ እንኳ ቢቀርስ?»

«እሑድን እኔ አልፈጠርኳት ልጄ፣ ላስቀራት።»

«በሹክሹክታስ ብትዘምሩ?»

እግሯን ከፔዳሉ ላይ አነሳችና ሳቀች። «ሞክረናል። ሁልጊዜም በሹክሹክታ ነው የምንጀምረው። ሁለተኛው መዝሙር ላይ እንረሳዋለን።»

«አባዬ...» ብዬ ቆምኩ። ምን ልበል? «አባዬ እናንተን አይወድም እኮ።»

«አዎ» አለች ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «እግዚአብሔር እንደሱ የማይወዱንን ያብዛልን።»

ከዚያን ዕለት ጀምሮ አባቴ ዘመቻውን በሙሉ ልብ ደገፈ። ጎረቤት ሁሉ እየሰማ «በርቺ ልጄ!» ይለኛል። ለብሎኖቹ የሚሆነው ቁልፍ ግን ከመሣሪያ ሣጥኑ ጠፋ። እናቴ ሽሮ ስትቆነጥር ከሽሮው ዕቃ ውስጥ አገኘችው፤ አባቴንም የቤታችን አይጥ ብረት መጎተት መጀመሩ አስገረመው። ብሎኖቹ እንዲለሰልሱ በየማታው ላምባ አንጠባጥብባቸው ነበር። እስከ ሐሙስ ድረስ ምንም ለውጥ ስላላየሁ ጠርሙሱን አሸተትኩት።

«አባዬ፣ ይሄ ላምባ አይሸትም።»

«የዘንድሮ ላምባ ነው። ዘንድሮ ምን የሚሸት ነገር አለ?»

ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት። ውሃ ነበር። ብሎኖቹን ለቀናት ሙሉ ዝገት ስመግባቸው ከርሜአለሁ ማለት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዘማቾቹ መጡ። ሊቀመንበሩ፣ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ፣ የአብዮት ጥበቃው፣ ከኋላቸውም ዓላማው ያልገባው ሕዝብ። ቀይ ጨርቅ ከአጥራችን ላይ ታሰረ። መኪናዋን በክሪክ አንስተን ድንጋይ ደገፍንባት፤ እኔ ጆንያ አንጥፌ ሥሯ ገባሁ። ሦስት ብሎኖች ነበሩ። ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ አያቸው።

«የትኛው ነው ግትሩ?»

«ሦስቱም ናቸው ጓድ ሊቀመንበር።»

«መጀመሪያ መሪያቸውን ምቱ» አለ። መሃለኛው መሪ ሆነ።

እኔ እንደተማርኩት ቀስ ብዬ፣ መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ ከዚያ ወደ መፍቻው እያልኩ ላላምደው ፈለግሁ። ሊቀመንበሩ ግን የአንድ ሰው ጉልበት የግለኝነት ምልክት ነው ብሎ፣ ቁልፉ ላይ ረጅም ቧንቧ ተሰክቶ ሁሉም በየተራ እንዲስብ አዘዘ። እሱ ሳበ። ከዚያ «ለሴቶች ተራ ይሰጥ!» ተባለና የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ ሳበች። በመጨረሻ የአብዮት ጥበቃው ጠመንጃውን ለእናቴ አስይዞ እጁን ተፍ ተፍ አለበትና በሙሉ ኃይሉ ተንጠለጠለበት። አንድ ነገር «ሸርተት» አለ። ብሎኑ ግን አልተንቀሳቀሰም፤ ራሱ ተላጭቶ እንደ ብርቱካን ክብ ሆኗል።

ከዚያ እንደ ወጉ ሂስና ግለ ሂስ ተከፈተ። እኔ መኪናዋ ሥር በጀርባዬ እንደተኛሁ ጫማቸውን እያየሁ እሰማ ነበር።

«ብሎኑ በማን እጅ ነው የተላጨው?» አለ የሊቀመንበሩ ጫማ።

«እኔ ስይዘው ፊትም ላልቶ ነበር» አለ የአብዮት ጥበቃው ከስክስ። «ከእኔ በፊት የያዙት...»

«ከአንተ በፊት የያዝኩት እኔ ነኝ» አለች የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ ነጠላ ጫማ። «ከእኔ በፊት ደግሞ ጓድ ሊቀመንበር ናቸው። እኔ የማየው የንዑስ ከበርቴ ችኮላ ነው። የማን እንደሆነ አልናገርም።»

«ተናገሪ!»

«አልናገርም፤ ግን ጫማውን ዛሬ ቀለም አስቀብቷል።»

በዚህ መሃል የአባቴ አሮጌ ጫማ ወደፊት ወጣ። «ጓዶች፣ እርስ በርስ አትወቃቀሱ። ጥፋቱ የኔ ነው። ግለ ሂስ ማቅረብ እፈልጋለሁ» አለ። ሊቀመንበሩ ደስ አለው፤ አባቴ ግለ ሂስ አቅርቦ አያውቅምና። አባቴ ግለ ሂሱን ከተወለደበት ቀን ጀመረ። አያቱ ማረሻ ሲዝግባቸው ቸል ይሉ እንደነበር፣ ዝገትን አለመናቅ ከቤተሰቡ እንዳልተማረ፣ ዲቁና ሲማር የዛገ ደወል አይቶ እንዳላጸዳ አንድ በአንድ አስረዳ። ጥላው እየረዘመ ሄደ። ነገሩ ገባኝ፤ ሊያመሻቸው ነው። ሲጨልም ሥራው ይቆማል፤ ነገ እሑድ ነው፤ ሰኞ ሌላ ቀን ነው። አስኳላ የገባበት ዘመን ላይ ሲደርስ የአጥሩ በር ተከፈተ።

እትዬ ናት። የከሰል ካውያዋን ፍሙ እንደቀላ በእጇ ይዛለች።

«ብረት ሲሞቅ ይሰፋል ሲባል ሰማሁ» አለች። «ለማሞቂያ ይሆን እንደሆነ።»

«አንቺ ሴትዮ!» አባቴ ግለ ሂሱን ጥሎ ጮኸ። «ማን ጠራሽ?»

«ማንም አልጠራኝም ጋሼ።»

«እንዴት ያለች የነቃች እናት!» አለ ሊቀመንበሩ። ካውያውን ከእጇ ተቀብሎ ወደ እኔ አቀበለኝ። እትዬና አባቴ ከመኪናዋ ኋላ ቀረት አሉ፤ ጫማና ባዶ እግር ፊት ለፊት ቆመው አየሁ።

«አብደሻል?» አለ አባቴ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በገዛ እጅሽ?»

«መኪናዎን ቢወስዱብዎትስ? በእኛ ምክንያት?»

«በእናንተ ምክንያት ምን አገባኝ! እኔ...»

«አዎ ጋሼ፣ አይወዱንም። ግን እግዚአብሔር በዝገት ብቻ ነው እንዴ የሚጠብቅ?»

ጫማው ዞሮ ሄደ።

ፍሙን በቆርቆሮ ላይ አድርጌ ከብሎኖቹ ሥር ያዝኩት። ሲግሉ ፍሙን አራቅሁና ወደ ውስጥ የሚገባ ቅባት ጠየቅሁ። ላምባ አለ ያልነው ጠርሙስ ውሃ ነው። እናቴ፣ የአብዮት ጥበቃው ጠመንጃ ገና በአንድ እጇ እንዳለ፣ ቤት ገብታ አንድ ጧፍ ይዛ ወጣች።

«ጧፉ ለማርያም የተሳለ ነው!» አለ አባቴ።

«ማርያም ታውቃለች» አለች እናቴ።

ሊቀመንበሩ ጧፉን በጥርጣሬ አየው። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ሰም ነው ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ ከሥር። «ሲቀልጥ በጥርሱ መሃል ይሠርጋል። ኬሚስትሪ ነው።»

«ቀጥዪ» አለ።

ጧፉን የጋለው ብሎን ላይ ሳስነካው ሰሙ ቀልጦ ወደ ውስጥ ተሳበ። መዶሻውን በስሱ መታ መታ አደረግሁ። ቁልፉን ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ ከዚያ ወደ መፍቻው። ብሎኑ አንድ ጊዜ «ጢቅ» አለ። እንደ ፀጉር ስንጥቅ ያህል ዞረ። ደግሜ ሞከርኩት፤ ተከተለኝ። በጴንጤ ፍምና በማርያም ጧፍ፣ በቀበሌ ትእዛዝ ሁለቱ ተፈቱ። የተላጨውን መሪ ደግሞ በመሮ ጎኑን እየመታሁ አዞርኩት። ሲወድቅ የዝገት ብናኝ ዓይኔ ውስጥ ገባ። እንባዬ ሲፈስ ያየችው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ አብራኝ አለቀሰች።

ማርሚታው በዚያው ምሽት ነፋስ ስልክ ተወስዶ ተበየደ። እሑድ ጠዋት በአዳዲስ ብሎኖች አሰርኩት፤ ሥራ ሲሰጠኝ አጣምሜ መሥራት አልችልም። አባቴ ገብቶ የመኪናዋን ቁልፍ አዞረ። ምንም ድምፅ ስላልሰማ አልተነሳችም ብሎ ደግሞ አዞረው፤ ዳግም በመነካቷ ሞተሯ ትንሽ ተንጫጫች። ተነስታ ነበር። እጁን መሪው ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠ፣ ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው።

ከምሳ በኋላ ወጣቶቹ ጨርቃቸውን በብብታቸው ይዘው እትዬ ቤት ገቡ። እኛም አዳራሽ ገባን። መኪናዋ በሩ ላይ ቆማለች፤ አባቴ ውስጧ ነው። የአብዮት ጥበቃው በሩን ተደግፏል። እኔ በአጥሩ በኩል ካለው መስኮት አጠገብ ቦታ ያዝኩ። ሊቀመንበሩ ስለ ዘመቻው ሰፊ ሪፖርት አቀረበ፤ ስለ ብሎኑ ራስ አላነሳም። ከዚያ እጁን አነሳ።

«አሁን መኪናው ይነሳ። ጓዶች፣ ሁላችንም ጸጥ ብለን ድላችንን እናዳምጥ።»

አባቴ መኪናዋን አስነሳ። አዳራሹ ጸጥ አለ። እንደዚያ ያለ ጸጥታ በዚያ አዳራሽ ተሰምቶ አያውቅም፤ ሰው ትንፋሹን ያዘ፤ የሚያስል ሰው ሳሉን ዋጠ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ በቆርቆሮው አጥር ላይ አልፎ፣ መዝሙር መጣ። ሁለተኛው መዝሙር ነበር። ረስተውታል።

የአብዮት ጥበቃው ራሱን ከበሩ ላይ አነሳ። «ሬዲዮ ነው?» አለች የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ። የአብዮት ጥበቃው ጠመንጃውን ወደ ትከሻው ሳብ አድርጎ ወደ አጥሩ ዞረ።

የመኪናዋ በር በኃይል ተከፈተ። አባቴ ወጣ። ቀኝ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ ዘረጋ፤ ስህተቱን አየና በግራው ለወጠው።

«ዝገት ይውደም!» ብሎ ጮኸ።

አዳራሹ ለቅጽበት ግራ ተጋባ። ግን መፈክር መፈክር ነው፤ ሲሰማ ዝም ያለ ሰው ለምን ዝም እንዳለ ይጠየቃል።

«ይውደም!» አለ አዳራሹ።

«የማርሚታ ቀዳዳ ይውደም!»

«ይውደም!»

«ብሎን የሚያላጩ ቸኳዮች ይውደሙ!»

«ይውደሙ!» አለ የአብዮት ጥበቃውም፣ ከሁሉ ይበልጥ ጮኾ፣ ግራ እጁን ለማንሳት ጠመንጃውን መሬት አስደግፎ።

ከዚያ በኋላ ማንም ማቆም አልቻለም። መፈክር የሚያቆመው አሰሚው ነው፤ አሰሚው ካላቆመ ቀድሞ እጁን የሚያወርድ ሰው ማን ይሁን? ሊቀመንበሩ ራሱ ዓይኑን ወዲያና ወዲህ እያማተረ እጁን አላወረደም። አባቴ ያወቀውን መፈክር ሁሉ ጨረሰ፤ በሬዲዮ የሰማውን ጨረሰ፤ ከዚያ ከቤቱ ያመጣ ጀመር።

«የላምባ መጥፋት ይውደም!»

«ይውደም!!» አዳራሹ በዚህኛው ከልቡ ጮኸ። ጣሪያው ተንቀጠቀጠ። ሊቀመንበሩ ፊቱን ሲያጨፈግግ አባቴ ፈጥኖ አረመው። «ላምባችንን የሚያጠፋ ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!»

ይውደም ተባለ፤ ግን እንደ መጀመሪያው አልሞቀም።

ድምፁ መሰንጠቅ ሲጀምር ወደ እኔ አየ። ገባኝ። ጆሮዬን መስኮቱ ላይ አድርጌ፣ በይውደምና በይውደም መሃል ያለችውን ክፍተት አዳመጥኩ። ሦስተኛው መዝሙር ገና አላለቀም ነበር። ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። አባቴ ትንኝን አወደመ፤ ጭቃን አወደመ፤ የአውቶቡስ መዘግየትን በተዘዋዋሪ አወደመ። በመጨረሻ ክፍተቷ ባዶ ሆነች፤ ከአጥሩ ማዶ የስፌት መኪና ፔዳል ይረገጣል። ትምህርት ቤት እንደለመድኩት ቀኝ እጄን አወጣሁ።

አባቴ «ኢትዮጵያ ትቅደም!» ብሎ ዘጋ፤ እጁንም አወረደ። ሕዝቡ በሙሉ አብሮት አወረደ። የአብዮት ጥበቃው ክንዱን እያሻሸ ወደ በሩ ተመለሰ። ስለ ሬዲዮው የጠየቀ አልነበረም።

ሊቀመንበሩ መጥቶ አባቴን አቀፈው። «እንዲህ ያለ ስሜት በዚያ ጩኸት ሥር ተደብቆ ነው የኖረው?» አለ። ጉባኤው አባቴን በዚያው ሰዓት በአንድ ድምፅ የቀበሌው መፈክር አሰሚ አድርጎ መረጠው። ሥራው እሑድ እሑድ፣ ከምሳ በኋላ ነው።

ሰኞ ቦዬው መጣ፤ ከጎኑ የፈላ ዝንጅብል በማር ተጨምሮበት። እትዬ በአጥሩ ላይ «እግዚአብሔር ይባርክዎት ጋሼ» ስትል አባቴ ሊቆጣት አፉን ከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣለትም። እጁን ብቻ አወናጨፈባት።

ኩፖኑ ከዚያ ወዲህ ስለሚተርፍ ሥራ በመኪና መሄድ ጀመረ። እናቴ ግን አሁንም አልረካችም። «ደግሞ አሁን በመኪና ትሄዳለህ፤ በእግርህ ቆመህ ትጮኻለህ» ትለዋለች።

ሳምንታት እንዳለፉ፣ አንድ ሰኞ፣ አባቴ ዝንጅብሉን ጠጥቶ ባዶውን ሳህን ለእኔ ሰጠኝ።

«ውሰጂላት» አለ በሻከረ ድምፅ። «ሦስተኛው መዝሙር ረዝሟል በያት። የማወድመው ነገር እያለቀብኝ ነው።»

ወሰድኩላት። እትዬ ሳህኑን ተቀበለች።

«አዲስ አዝማች ስለጨመርንበት ነው» አለች። «ልጆቹ ወደውታል። እሳቸው መፈክር ይጨምሩበት በያቸው።»

መልሱን ለአባቴ አደረስኩ። ለብዙ ጊዜ አጉተመተመ፤ የእነዚህ ሰዎች ጥጋብ መቼም አያልቅም አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ ዩኒቨርሲቲ ትማሪ የለ?» አለኝ። የሒሳብ የቤት ሥራዬን አስቀመጥኩና ገና ያልወደመ ነገር ማሰብ ጀመርኩ።